የጀንክ፣ የዳውና የኤሊ መርከብ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂው ፍሪሲቭ በተባለው የስልጣኔ ግንባታ የኮምፒውተር ጌም ላይ የራሱን ሞድ (የጌሙን ማሻሻያ) እየሠራ ነው። የቻይና ጀንክ፣ የዓረብ ዳው፣ የኮሪያ የኤሊ መርከብና የጃቫ ጆንግ ማስገባት ይፈልጋል። «ለሁሉም የካራቬልን (ጌሙ ውስጥ ያለውን የአውሮፓ ሸራ መርከብ) ቁጥር ሰጥቼ ሥዕሉን ብቻ ብቀይር ምን ችግር አለው? ችግር ካለው ትክክለኛውን ቁጥር ከየት ላምጣ? ዳው ላይ መድፍ ልጫን? አክሱምንም ላስገባ ነው፤ ምን መርከብ ልስጣት?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሥዕል መቀየሩ ብቻውን አያዋጣም። ጌሙ አይበላሽም፣ ይሠራል። ግን ተጫዋቹ ጥቂት ተርን (ዙር) እንደተጫወተ ይነቃብሃል። ስሙ ጀንክ፣ ሥራው ካራቬል። «ይህን መርከብ ለምን ልሥራ?» ብሎ ሲያስብ ምክንያት ያጣል።

ቁጥር ከመጻፍህ በፊት ለእያንዳንዱ መርከብ ሁለት ነገር ወስን። እሱ ብቻ የሚችለው ምንድን ነው? የማይገባበት ውሃስ የቱ ነው? ሁለቱን ከመለስክ ቁጥሩ ብዙም አያስቸግርህም። እነዚህ መርከቦች የሚለያዩት አንዱ ከሌላው ስለሚበረታ አይደለም። እያንዳንዱ የተሠራው ለሚያውቀው ነፋስ፣ ለሚያውቀው ጥልቀትና ለሚያውቀው ጠላት ነው።

ከዚያ በፊት አንድ የቤት ሥራ አለህ። ክላሲክ በሚባለው የፍሪሲቭ ደንብ ላይ ካራቬል ጥቃቱ 2፣ መከላከያው 1፣ ጉዞው 3 ነው። ከሱ የሚበረታው የጦር መርከብ ፍሪጌት ደግሞ 4፣ 2፣ 4። በዚህ ጠባብ ቦታ አምስት ስድስት ዓይነት መርከብ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የሁሉንም ዩኒት (መርከብም ሆነ ወታደር) ጥቃትና መከላከያ በ5 አባዛው። የምድር ጦሩንም ጭምር፣ አለበለዚያ አንዲት ጀልባ ከተማ ታወድምልሃለች። ፍሪሲቭ ውጊያውን የሚያሰላው በሁለቱ ወገን ንጽጽር ስለሆነ፣ ሁሉም እኩል እስከተባዛ ድረስ ሚዛኑ አይናጋም። ቁጥሮቹ ያሉበት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኖትፓድ ይበቃሃል። ከዚህ በታች የምሰጥህ የጥቃትና የመከላከያ ቁጥር ሁሉ በዚህ በተባዛው ልክ ነው፤ ካራቬል ጥቃቱ 10፣ መከላከያው 5 ሆነ ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሁን ወደ ነፋሱ። አንተ ጋ አንድ ተርን ስንት ጊዜ ነው? ይህን ሳትመልስ ሞንሱን (በየወቅቱ የሚገለበጠውን ነፋስ) አስገባለሁ ብትል መከራህን ታያለህ። ህንድ ውቅያኖስ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከህንድና ከዓረብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገፋል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ይገለበጣል። ሰኔና ሐምሌ ላይ በጣም ስለሚበረታ የምዕራብ ህንድ ወደቦች ይዘጉ ነበር። ነፋሱ ያመለጠው ነጋዴ ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ ወራት ይጠብቃል። ፍሪሲቭ በመደበኛ ደንቡ ሲጀምር ግን አንዱ ተርን 50 ዓመት ነው። በአንድ ተርን ውስጥ ነፋሱ መቶ ጊዜ ይገለበጣል ማለት ነው! እዚያ ላይ ወቅት ትርጉም የለውም። ሴናሪዮህ የአንድ ጦርነት ታሪክ ከሆነና ተርኑን እንደ ወር የምትቆጥረው ከሆነ ግን ግሩም ነው፤ ስድስት ተርን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ስድስት ተርን ወደ ሌላው። ረጅም ታሪክ ከሆነ ወቅቱን ተወው። ለውቅያኖሱ መርከቦች ጥልቅ ባሕር ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ስጣቸው፤ ያ ይበቃል።

ወደ ጀንክ እንሂድ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሸራውን ነው። ሸራው ከላይ እስከ ታች በቀርከሃ ዘንጎች የተከፋፈለ ነው፤ ዘንጎቹም ከጫፋቸው የሚስባቸው የየራሳቸው ገመድ አላቸው። ማዕበል ሲመጣ ደቀል ላይ የሚንጠለጠል ሰው አያስፈልግም። ከታች ሆነው ማንሻውን ገመድ ይለቁታል፤ ሸራው እንደ መስኮት መጋረጃ እየታጠፈ ይወርዳል። የፈለጉት ክፍል ላይ ሲደርስ ያቆሙታል። አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ትልቅ መርከብ በጥቂት መርከበኛ ይነዳል። ይህን ጌሙ ውስጥ በጉዞ ቁጥር አትግለጸው። በጥገና ወጪ ግለጸው፤ ጀንክ በየተርኑ የሚበላው ከሌላው ያነሰ ይሁን።

ሁለተኛው የጀንክ ምስጢር ሆዱ ውስጥ ነው። በ1974 ቻይና ውስጥ ቹዋንዡ ወደብ አጠገብ የ13ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ከጭቃ ወጥቷል። የተረፈው አካሉ 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ውስጡ በ12 ግድግዳዎች 13 ክፍል ሆኖ ተከፋፍሏል። የሳንቃው መጋጠሚያ በተንግ ዘይት፣ በኖራና በቃጫ ልጥፍ ተደፍኗል። ከግድግዳዎቹ ሥር ትንንሽ የውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ አለ። በደህናው ጊዜ የተጠራቀመው ውሃ በዚያ ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ይቀዳል። አንዱ ክፍል ሲሸነቆር ቀዳዳው ይደፈናል፤ ውሃው እዚያው ይታገታል፣ መርከቡም አይሰጥምም። ማርኮ ፖሎም ዓሣ ነባሪ ወይም ድንጋይ ሲመታቸው እንዲህ እንደሚተርፉ ጽፏል። ሙያው እስከ ዛሬ አለ፤ ግን እየጠፋ ስለሆነ ዩኔስኮ በ2010 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ስለዚህ የጀንክን ጥቃት አታሳድግ። ጤናውን አሳድግ። ካራቬል ሂት ፖይንቱ 10 ከሆነ ለጀንክ 20 ስጠው፤ ባሕር ላይ እንዳለም በየተርኑ ትንሽ ትንሽ እንዲያገግም አድርግ። ይህን የሚያዩ ተጫዋቾች ጀንክን ለማጥፋት ሁለት ሦስት መርከብ አንድ ላይ መላክ እንዳለባቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ደግሞ «ጀንክ» ብለህ አንድ ዩኒት ብቻ አትሥራ፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልግሃል። የሰሜን ቻይናው ሻቹዋን ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። አሸዋማና ጥልቀት የሌለው ባሕር ላይ ይሄዳል፤ ውሃው ቢጎድል አሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የደቡቡ ፉቹዋን ሆዱ ወደ ታች የሾለ ነው፤ ጥልቁን ባሕር እየሰነጠቀ ይሄዳል፣ ዳርቻ ላይ ግን ይቸገራል። ፍሪሲቭ ላይ ይህ የሚሠራው በዩኒት ክላስ (ዩኒቱ የት የት እንደሚሄድ በሚወስነው ምድብ) ነው። ሻቹዋንን ሐይቅና ባሕር ዳር ላይ፣ ፉቹዋንን ባሕርና ጥልቅ ባሕር ላይ አድርግ። እዚህ ላይ አትሳሳ፤ ተጫዋቹ ሁለቱንም እንዲሠራ የሚያስገድደው ይህ ገደብ ነው። በ1363 ቻይና ውስጥ ፖያንግ ሐይቅ ላይ ቼን ዩሊያንግ ግዙፍ ባለፎቅ መርከቦችን ይዞ ገባ። ተቀናቃኙ ዡ ዩዋንዣንግ ትንንሽ ነበር የያዘው። የሐይቁ ውሃ ሲጎድል ግዙፎቹ መንቀሳቀሻ አጡ፤ ሸምበቆና ባሩድ የተጫኑ የእሳት ጀልባዎች ተላኩባቸው። ዡ አሸነፈ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም የሚንግ ሥርወ መንግሥትን መሠረተ። ጥልቀትን ያላካተተ ሞድ ይህን ውጊያ ተገልብጦ ያሳይሃል፤ ትልቁ ትንሹን ጨፍልቆት ያልፋል።

የሚንጉን አድሚራል የዤንግ ሄን የውድ ዕቃ መርከቦች ማስገባትህ አይቀርም፤ ሁሉም ያስገባል። ርዝመታቸው ላይ ያለው ክርክር ማለቂያ የለውም። «የሚንግ ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ 44 ዣንግ (የቻይና የርዝመት መለኪያ) ይላል፤ ከ120 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ብዙ የመርከብ ሥራ አዋቂዎች ከዚያ በግማሽ ገደማ ያወርዱታል። አንተ ክርክሩ ውስጥ አትግባ። ከ1405 እስከ 1433 በተደረጉት ሰባት ጉዞዎች የመርከቦቹ ዋና ሥራ ሰው፣ ስጦታና ክብር መሸከም ነበር። ጭነቱን 8 አድርግ፣ ጥቃቱን ዝቅ አድርግ፣ ዋጋውን ስቀል። አለቀ።

ኮሪያ ላይ ግን ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ሁሉም ጌም የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነውና። የኤሊ መርከብ ቆንጆ ነው። የዘንዶ ራስ አለው፣ ጀርባው ላይ የብረት እሾህ አለው። አድሚራል ዪ ሱን ሺን ራሱ በ1592 በላከው ሪፖርት የዘንዶው አፍ መድፍ እንደሚተኩስ፣ ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ማየት እንደሚቻል፣ ከውጭ ግን ውስጡ እንደማይታይ ጽፏል። ጀርባው በብረት ልባስ ተሸፍኖ ነበር የሚለውን ግን የዘመኑ የኮሪያ ሰነዶች አይሉትም። ስለዚህ እሾህ ስጠው፣ ታንክ አታድርገው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ያኔ ከጃፓን ጋር የነበረውን ጦርነት የተሸከመው የኤሊ መርከብ አይደለም። የተሸከመው ፓኖክሶን ነው። ፓኖክሶን ሁለት ፎቅ አለው። ቀዛፊዎቹ ታች ተሸፍነዋል፤ ወታደሩና መድፉ ላይ ነው። እንጨቱ ወፍራም ጥድ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ እዚያው በቆመበት ይዞራል። በአንድ ጎኑ ተኩሶ ዞር ይላል፣ በሌላው ጎኑ ይተኩሳል። የጃፓኑ ሴኪቡኔ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሳንቃው ስስ ነው፣ ሆዱ የሾለ ነው፣ ፈጣን ነው። ከባድ መድፍ ሲጫንበት የመድፉን እርግጫ አይችልም። ግን ምን አስቸኮለው? ጃፓኖች የመጡት በጠመንጃ እያስደነገጡ ተጠግተው፣ ዘልለው ጠላት መርከብ ላይ ገብተው በሰይፍ ሊጨርሱ ነው። በዚህ ማንም አይችላቸውም ነበር። የዪ ጥበብ ደግሞ እንዲጠጉ አለመፍቀድ ነው።

በ1592 ሀንሳንዶ ደሴት አጠገብ የሆነው ይህ ነው። ጥቂት መርከቦች ልኮ የጃፓኖቹን 73 መርከቦች ከጠባቡ መተላለፊያ ወደ ሰፊው ውሃ ሳባቸው። ከዚያ መርከቦቹን ክንፉን በዘረጋ ወፍ ቅርጽ አሰልፎ ከሦስት አቅጣጫ በመድፍ ደበደባቸው። 47 ወደሙ፣ 12 ተማረኩ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ዪ ከሥልጣን ተነሥቶ በነበረበት ጊዜ፣ የኮሪያ መርከቦች ቺልቾንርያንግ ላይ አለቁ። ተመልሶ ሲሾም የቀረው አሥር ምናምን መርከብ ነው። በ13 ፓኖክሶን ሚዮንግኒያንግ መተላለፊያ ላይ ከ130 በላይ የጦር መርከብ ገጠመ፤ ውሃው የሚገለበጥበትን ሰዓት አውቆ አሸነፈ። እዚያ ውጊያ ላይ አንድም የኤሊ መርከብ አልነበረም።

ይህን ወደ ቁጥር ስታመጣው እንዲህ ይሆናል። ለፓኖክሶን ጥቃት 18፣ መከላከያ 14፣ ጉዞ 2 ስጠው፤ ባሕር ዳር ብቻ ይሂድ። ለሴኪቡኔ ጥቃት 10፣ መከላከያ 6፣ ጉዞ 4፣ ዋጋው ግማሽ። ከዚያ ለሴኪቡኔ መማረክ የሚያስችለውን ባንዲራ (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ ምልክት) ስጠው። ፍሪሲቭ ጎረቤት ሰድር ላይ ያለን ዩኒት ሳያወድሙ መማረክ ይፈቅዳል፤ የሚማረከውም ለዚያ ምልክት የተደረገበት ከሆነ ነው። ፓኖክሶን ይህ ምልክት ይኑረው። አሁን ሁለቱ ተጫዋቾች የተለያየ ጨዋታ ይጫወታሉ። ጃፓኑ ለመጠጋት ይሮጣል፣ ኮሪያዊው ሳይጠጉት ለመምታት ይሠለፋል። የኤሊ መርከቡን መማረክ አይቻል፤ ዘልሎ የሚገባበት እሾህ ላይ ነው የሚያርፈው። ጥቃቱን ግን ከፓኖክሶን እኩል ተወው፣ ዋጋውን ከእጥፍ በላይ አድርገው። ተጫዋቹ ሦስት አራት ካለው ይበቃዋል። ሲቪላይዜሽን 5 የተባለው ጌም የኤሊ መርከብን ጥልቅ ውቅያኖስ ከልክሎታል፤ እሱን ውሳኔ እወደዋለሁ። አንተም ከልክለው።

የጃቫው ጆንግ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ፖርቱጋሎች በ1511 ወደ ማላካ (ዛሬ ማሌዥያ ውስጥ ያለች ወደብ) ሲሄዱ አንድ ትልቅ ጆንግ አገኙ። ተኮሱበት። ጥይቱ አልበሳውም፤ ሳንቃው ድርብርብ ነበር። በመጨረሻ ያስቆሙት በጎንና ጎኑ ያሉትን አቅጣጫ የሚያስይዙትን ሁለት መቅዘፊያዎቹን ሰብረው ነው። ስለዚህ መከላከያውን 18 አድርስ፣ ጥቃቱን 6 ላይ ተወው፣ ጭነቱን 5። ብዙ ሞድ ላይ ጆንግ ከባድ መድፈኛ ሆኖ አየዋለሁ። አይደለም። በ1513 ጃቫ ውስጥ የጃፓራው ገዥ ፓቲ ኡኑስ ማላካን ከፖርቱጋሎች ለማስለቀቅ በትልልቅ ጆንግ ጦር ይዞ መጣ። መርከቦቹ ጠንካራ ነበሩ፤ ግን ቀልጣፋዎቹ የፖርቱጋል መርከቦች እየዞሩ ስለደበደቧቸው ተሸነፈ። የራሱ መርከብ ግን ያን ሁሉ ምት ችላ ቤቷ ገባች። ሳይሰጥም የሚሸነፍ መርከብ ጌም ውስጥ ማየት ደስ ይላል፤ ለተጫዋቹ ማምለጫ ይሰጠዋል። ከጎኑ ካራኮዋን ጨምርለት። ግራና ቀኝ ተንሳፋፊ እንጨት ያለው፣ በቀዛፊ የሚበር የፊሊፒንስ ወራሪ ጀልባ ነው። ጉዞ 5፣ መከላከያ 2፣ ርካሽ። እሱ ላይ ብዙ አትድከም።

ዳው ላይ መድፍ ልጫን ወይ ላልከው፣ ዘመኑ የትኛው ነው? የጥንቱ ዳው በሚስማር አልተመታም፤ የተሰፋ ነው። የሳንቃውን ጠርዝ በመሰርሰሪያ እየበሱ በኮኮናት ቃጫ ገመድ አንዱን ከሌላው ይሰፉታል። ከስፌቱ ሥር ቃጫ ይጎዘጉዛሉ፣ ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ ላዩን በዓሣ ዘይት ይቀቡታል። እንዲህ ያለ መርከብ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሲወጣ ገላው ትንሽ ይለጠጣል እንጂ አይሰነጠቅም። ግን ውሃ ያሰርጋል፤ ሁልጊዜ የሚቀዳ ሰው ይፈልጋል። መድፍ ከላዩ ብትተኩስ እርግጫው ስፌቱን ያላላዋል። በ1998 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የ9ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ የተሰፋ ነበር፤ 60 ሺህ ገደማ የቻይና ሸክላ ጭኖ ነበር የሰጠመው። በእሱ አምሳል ኦማን ውስጥ የተሠራው የሙስካት ጌጥ የተባለው መርከብ በ2010 ከሙስካት ተነሥቶ ሲንጋፖር ገብቷል። ስለዚህ የተሰፋ ዳው ሩቅ አይሄድም እንዳትል። ለሱ ጥቃት 2፣ መከላከያ 4፣ ጉዞ 4፣ ጭነት 3 ስጠው፤ ያለ ወደብ የትኛውም ዳርቻ ላይ ሰውና ዕቃ ያራግፍ።

ፖርቱጋሎች ከመጡ በኋላ ግን ሚስማር ገባ። ኋላው እንደ አውሮፓ መርከብ ጠፍጣፋ የሆነው፣ በቅርጽ ያጌጠው ባግላ መድፍ ይጭናል። ለሱ ሁለተኛ ዩኒት ሥራ፣ ከማግኔቲዝም ቴክኖሎጂ ጋር አያይዘው፣ ጥቃቱን 15 አድርግ። ኦማኖች ሙስካትን በ1650፣ የሞምባሳውን ፎርት ጂሰስ በ1698 ከፖርቱጋሎች ሲነጥቁ ያሰለፉት ዳው ብቻ አልነበረም፤ የአውሮፓ ሥሪት መርከቦችም ነበሯቸው። ኦማንን ካስገባህ ፍሪጌትም እንድትሠራ ፍቀድላት።

ቀይ ባሕርን ስትሥል አንድ ነገር አትርሳ። በሰሜናዊው አጋማሽ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ነው የሚነፍሰው። ከደቡብ ወደ ስዊዝ መውጣት ከባድ ነው። ሮማውያን ከህንድ የመጣ ዕቃ መንገድ ላይ በግብፅ የቀይ ባሕር ወደብ በረኒቄ አራግፈው በግመል ወደ ዓባይ የሚወስዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እዚያ ሰሜኑ ላይ ጥሩ የመሬት መንገድ ካስገባህ ጌሙ ራሱ ተጫዋቹን ወደዚያ ይመራዋል።

አሁን ፈተናው። ሞዱን ስትጨርስ ሀንሳንዶን ትንሽ ማፕ ላይ ሠርተህ ኮምፒውተሩን ከኮምፒውተር ጋር አጋጥመው። ሰፊ ውሃ ላይ ፓኖክሶን፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሴኪቡኔ የሚያሸንፉ ከሆነ ቁጥሮችህ ደህና ናቸው። ሁለቱም ቦታ ላይ አንዱ ብቻ ካሸነፈ መጀመሪያ ጉዞውን ነካካ፤ ጥቃቱን በመጨረሻ።

የቀረችው አክሱም ናት። ዕድለኛ ነህ፣ መረጃው አለ። ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ወደ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) ሲዘምት ጦሩ የተነሣው ከአዱሊስ ነው። የቤዛንታይኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በዚህ ባሕር ያሉ መርከቦች ሳንቃቸው በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዘ መሆኑን ጽፏል። ስለዚህ የተሰፋውን ዳው በሙሉ ልብ ስጣት። ሥዕሉ ላይ ባለሦስት ማዕዘን ሸራ አታድርግ፤ ለዚያ ዘመን አራት ማዕዘኑ ይሻላል። ከዚህ የሚገርመው ግን የናግራን ሰማዕታት ገድል የሚሰጠው ዝርዝር ነው። ካሌብ የሰበሰባቸው መርከቦች 60 ነበሩ ይላል። 15 ከአይላ፣ 20 ከክሊስማ፣ 9 ከህንድ፣ የቀሩት ከዮታቤ፣ ከፈረሳንና ከበረኒቄ የመጡ፤ ከህንድ በቀር ሁሉም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ወደቦችና ደሴቶች ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ንጉሡ ራሱ ያሠራቸው 10 ናቸው።

ታዲያ የአክሱምን ልዩ ኃይል መርከቡ ላይ አታስቀምጠው፤ ወደቡ ላይ አስቀምጠው። ወደብ ያላት የአክሱም ከተማ በአቅራቢያዋ ካሉ ነጋዴዎች መርከብ መከራየት ትቻል። በሉዋ ስክሪፕት (ጌሙ በሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ሞክረው፤ ጦርነት ሲታወጅ ጥቂት የተሰፉ ዳዎች አዱሊስ ላይ ይፈጠራሉ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ። ሲፈጠሩ ከካዝናው ወርቅ ይቀነስ። አክሱም በዚያ ዘመን የራሷን የወርቅ ሳንቲም የምታወጣ ሀገር ስለነበረች፣ መነሻ ካዝናዋ ላይ 200 ወርቅ ብትጨምርላት አይበዛባትም።